በአበበ ጉንጭ ላይ ያለው ጥላ

አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር አበበ ቢቂላ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ፊቱ ይጠፋና ነጥብ ብቻ ይቀራል። ግንባሩ ላይ፣ ላቡ ብርሃን በያዘበት ቦታ፣ ጥቁሮቹ ነጥቦች ጤፍ አክለው ተራርቀው ተቀምጠዋል። ወደ ጉንጩ ሲወርዱ ይወፍራሉ። ከጉንጩ አጥንት በታች ጥቁሩ እርስ በርሱ ይገጥምና ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ነጥብ የሚሆነው የወረቀቱ ንጣት ነው። ከእነዚያ ነጫጭ ነጥቦች አንዱም በቀለም አልተደፈነም። ዐይን ከመነጽሩ ሲነሣ ጥላው መልሶ ጥላ፣ አጥንቱም አጥንት ይሆናል፤ የከሳና የተረጋጋ የሯጭ ፊት ተመልሶ ይመጣል።

ወረቀቱ ከ1950ዎቹ መጽሔት የተገነጠለ ሽፋን ነው። የላይኛው ጠርዙ ከነመጽሔቱ ስም ተቀዷል። የቀረው ሯጩ፣ ከእግሩ ሥር በእጅ የተሳለ ስሙ፣ ከስሙም በታች አንድ ወፍራም አረንጓዴ መስመር ነው። ከጥቁሩ ሌላ የገባበት ቀለም ያ አረንጓዴ ብቻ ነው። ፒያሳ አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ብጫቂ ከመማሪያ መጻሕፍት ሥር፣ ጊዜው ካለፈበት የቀን መቁጠሪያ ጋር ተደርቦ ይገኛል። ሰው የሚገዛው አበበን ስለሚወድ ነው። እኔም እወደዋለሁ። ይህን ሽፋን ደጋግሜ የማየው ግን ለሠሪዎቹ ብዬ ነው። ጥቁር ሰው በጨለማ ሲሮጥ የተነሣውን ፎቶ በርካሽ ወረቀት ላይ ሳያነጡትም ሳያጠፉትም አትመውታል። ይህ ከባድ ሥራ ነው። ክብደቱን ለማየት ፎቶው ከተነሣበት ምሽት መነሣት ይሻላል።

የሮማው ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነበር፤ እዚህ የአዲስ ዓመት ዋዜማ። የሮማን ሙቀት ለማምለጥ ሲባል ውድድሩ ወደ ማታ ተጀምሮ በጨለማ አለቀ። እንደ ወትሮው ስታዲየም ውስጥ አልተጠናቀቀም፤ መጨረሻው የቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ነበር። በጥንቱ የአፒያ መንገድ ግራና ቀኝ ወታደሮች ችቦ ይዘው ቆመዋል፤ ከሯጮቹ ፊትና ኋላ መኪናና ሞተር ብስክሌት መብራታቸውን አብርተው ይሄዳሉ። አበበ በባዶ እግሩ፣ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ለጥፎ፣ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ይሮጣል። ከውድድሩ በፊት የራዲ ነው የተባለውን 26 ቁጥር ጠብቅ ተብሏል። ራዲ ግን የለጠፈው 185 ነበር፤ አበበም ዋና ተቀናቃኙ ከጎኑ እያለ 26ን ከፊት ሲፈልግ እንደቆየ በሰፊው ተነግሯል። ከአክሱም ተወስዶ ፖርታ ካፔና አደባባይ በቆመው ሐውልት አቅራቢያ ለብቻው ወጣ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ ራዲ 25 ሰከንድ ዘግይቶ ደረሰ።

እንግዲህ የፎቶ አንሺውን ጭንቀት አስቡት። ከጀርባ ሌሊት ነው። ልብሱ ደማቅ አይደለም። የሯጩ ቆዳ ጠይም ሳይሆን ጥቁር ነው። ብርሃኑ የሚመጣው ከችቦ፣ ከመኪና መብራትና ከካሜራው ብልጭታ ነው፤ ይኸውም ከታች ወይም ከጎን ወይም ፊት ለፊት እየተወረወረ እንጂ እንደ ቀን ብርሃን ከሁሉም በኩል ተሰራጭቶ አይደለም። በእንዲህ ያለ ፎቶ ውስጥ በራሱ ነጭ የሆነ ነገር አንድ ብቻ አለ፦ የደረቱ ቁጥር። ሌላው ሁሉ ጥቁር በጥቁር ላይ ነው። ፊቱን ፊት የሚያደርገው ላብ ነው። ላቡ ግንባሩ ላይ፣ አፍንጫው ጫፍ ላይና የጉንጩ አጥንት ላይ ብርሃን ይይዛል፤ ከዚያ ውጪ ያለው ገጽታ በጣም በተቀራረቡ ጥቁረቶች መካከል ባለ ልዩነት ብቻ ነው የሚነበበው። ያ ልዩነት በማተሚያው መኪና ውስጥ ከጠፋ ሽፋኑ ላይ የሚቀረው ቁጥር የተለጠፈበት ጥቁር እድፍ ነው።

ይህ ደግሞ የሚያጋጥም አደጋ ነበር። በዚያ ዘመን ፎቶ በማተሚያ ላይ የሚወጣው በክሊሼ ነው። ፎቶው በትልቅ ካሜራ እንደገና ይነሣል፤ በፎቶውና በፊልሙ መካከል ጥቅጥቅ ያሉ መስመሮች የተጠላለፉበት መስታወት ይገባል። መስታወቱ ምስሉን ወደ ነጥብ ይከፋፍለዋል። ለጋዜጣ ወረቀት በአንድ ኢንች ውስጥ ከ60 እስከ 65 መስመር ይበቃል፤ ለስላሳና አንጸባራቂ ወረቀት ላይ 120 እና ከዚያም በላይ ይቻላል። ምስሉ ብርሃን የሚሰማው ቅብ በተቀባ ዚንክ ላይ ያርፋል፤ ዚንኩ አሲድ ውስጥ ይገባል። አሲዱ ነጭ መሆን ያለበትን ቦታ ይበላል፤ ሳይበላ ከፍ ብሎ የቀረው ቀለም ይዞ ወረቀቱን ይነካል። ክሊሼ የሚባለው ይህ ዚንክ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሥራው የኬሚካል ይመስላል። የእጅ ሥራ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ጥሩ ክሊሼ ሠሪ ዚንኩን አንድ ጊዜ ነክሮ አያወጣም። ትንሽ ያስበላና ያወጣዋል፤ አጥቦ በመነጽር ያየዋል፤ በቃኝ ያለውን ቦታ ቫርኒሽ ቀብቶ ከአሲድ ይከልላል፤ የቀረውን መልሶ ይነክራል። ለነጭ ሰው ፊት ዋናው ጥንቃቄ ብርሃናማው ቦታ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ተበልተው እንዳያልቁ ነው። ለጥቁር ሰው ፊት ጥንቃቄው ወደ ሌላው ጫፍ ይዞራል፦ በጥላው ውስጥ ያሉት ነጫጭ ጉድጓዶች በቂ ጥልቀት እንዲኖራቸው። ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነ ሮለሩ ሲያልፍበት ቀለም ይሞላዋል። መጀመሪያ ላይ የሚታተመው ቅጂ ያምራል፤ ሥራው እየገፋ ሲሄድ ቀለም ይጠራቀምና ፊት ከቅጂ ወደ ቅጂ እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ የአበበ ጉንጭ ላይ ያሉት ክፍት ነጥቦች የሚመሰክሩት ስለ ሁለት ሰዎች ነው። አንዱ ዚንኩን ለጥላው ብሎ በትዕግሥት ያስበላው ነው። ሌላው መኪናው ላይ ቆሞ ቀለሙን የቀነሰው አታሚ ነው፤ ጥቁር ፎቶ ሲያይ ቀለም ጨምር ጨምር የሚለውን ስሜት አሸንፏል።

የአታሚው ብልሃት በሌላ ቦታም ይታያል። ቁጥሩ ዙሪያ ያለው ጥቁር ድፍንና ጥርት ያለ ነው፤ ግንባሩ ላይ ግን ኅትመቱ ወረቀቱን ዳሰስ አድርጎት ብቻ አልፏል። በአንድ ክሊሼ ላይ እንዲህ ያለ የግፊት ልዩነት በራሱ አይመጣም። አታሚው ስስ ወረቀት በጣቱ እየቀደደ ግፊት በሚያስፈልግበት ቦታ ትይዩ ከሥር ይለጥፋል፤ ከሌላው ቦታ ያነሣል፤ አንድ ቅጂ አውጥቶ ያያል፤ እንደገና ይለጥፋል። ለአንድ ሽፋን ግማሽ ቀን ሊወስድ የሚችል ሥራ ነው። በክረምት ደግሞ የአዲስ አበባ እርጥበት ወረቀቱን ያሳብጠውና ጠዋት የተስተካከለው ከሰዓት ይበላሻል። ያንን ሁሉ አልፎ ነው ይህ ግንባር የሚያበራው።

አሁን ወደ እግሩ። ባዶ እግር የዚያ ሩጫ ዋና ወሬ ነበርና፣ ሽፋን ሠሪው እግሩን ሊያጎላው፣ ዙሪያውን ነጭ ሊቀባው፣ ቀስት ሊያመለክትበት ይችል ነበር። አላደረገውም። ግራ እግሩ መሬት ረግጧል፤ ቀኙ ከኋላ ተነሥቶ ውስጥ እግሩ ወደ ብርሃኑ ዞሯል። ውስጥ እግሩ ከሌላው ቆዳ የሚነጣውን ያህል ብቻ ነጥቷል፤ ሠሪዎቹ ያንን ልዩነት ጠብቀው ትተውታል። በረገጠው እግር ተረከዝ ሥር ያለችው ጥላ ቀጭን ናት፤ በብሩሽ በጥቂቱ እንደተነካች በመነጽር ይታያል፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ነጥቦቹ ወጥ ናቸው። ያቺ ጥላ ባትኖር ሰውዬው መሬት ላይ ሳይሆን አየር ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ከምስሉ ሁሉ ብሩሽ በግልጽ የገባባቸው ቦታዎች እሷና የቀኝ ትከሻው ብቻ ናቸው።

ትከሻው ላይ ያለው ነገር የበለጠ ያስደንቀኛል። ጥቁር ትከሻ ከጥቁር ሌሊት ጋር ሲገናኝ ወሰኑ ይጠፋል። ቀላሉ መፍትሔ በነጭ ቀለም ዙሪያውን መክበብ ነው፤ ብዙ ሽፋኖች ላይ እንዲህ የተከበቡ ስፖርተኞች በመቀስ ተቆርጠው የተለጠፉ ይመስላሉ። የዚህኛው ሠሪ ከአንገቱ ሥር ጀምሮ ፀጉር የመሰለች ግራጫ መስመር ስቧል፤ ትከሻው ክብ ሲል አቋርጧታል፤ ክንዱ ላይ ለአንድ ጣት ያህል መልሶ ጀምሮ ትቷታል። ቀሪውን ዐይናችን ይሞላዋል። የት ማቆም እንዳለበት የሚያውቅ እጅ ነው።

ይህን ዓይነት እጅ ያሠለጠኑት ፎቶ ቤቶች ይመስሉኛል። አዲስ አበባ ውስጥ የፎቶ ሥራ ከአርመኖች ጋር የተያያዘ ረጅም ታሪክ አለው። ቤድሮስ ቦያጂያን ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮም ሙያውን ወርሰው የቤተ መንግሥቱን ፎቶ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድረስ አንሥተዋል። ከእነሱ ሌላ አራዳ ለዓመት በዓል፣ ለሠርግና ለምርቃት ሰው ተሰልፎ የሚነሣባቸው ፎቶ ቤቶች ሠፈር ነበር። በእነዚያ ቤቶች ጓዳ አንድ ሰው ወደ መስኮት ዞሮ፣ ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ እርሳስ ይዞ፣ ነጋቲቩን ሪታች ያደርጋል። ነጋቲቭ ላይ በእርሳስ የተነካ ቦታ ሲታተም ይነጣል። ስለዚህ ከዐይን ሥር ያለን ጥላ ለማለዘብ ሁለት ሦስት ጭረት ይበቃል፤ አራተኛው ጭረት ሰውዬውን ሌላ ሰው ያደርገዋል። የደንበኞቹ ቆዳ ከቀይ እስከ ጥቁር ነው፤ ሁሉም ራሱን መምሰል ይፈልጋል፤ ካልመሰለ ገንዘቡን አይከፍልም። ይህ ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። በዚያው ዘመን ኮዳክ የቀለም ፎቶ ለሚያጥቡ ቤቶች ይልከው የነበረው የማመሳከሪያ ካርድ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ የቆዳ ቀለም ትክክል መጣ የሚባለው የእሷ ፊት ትክክል ሲመጣ ነው። የአራዳው ሪታች ሠሪ ግን በየቀኑ ፊቱ የሚቀመጠው ደንበኛ ነበር ማመሳከሪያው።

ከአበበ እግር ሥር ያለው ስም በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል የተለቀመ አይደለም፤ በብሩሽ የተሳለ ነው። ይህም ምክንያት አለው። የአማርኛ ፊደል ለቃሚ ከ200 በላይ በሆኑ ቅርጾች ፊት የሚቆም ሰው ነው። ማተሚያ ቤት ለመጽሔቱ ውስጥ ገጽ የሚበቃ ፊደል ቢኖረው እንኳ፣ ለሽፋን የሚሆን ትልልቅ ፊደል በሁሉም ቅርጽ አስቀርጾ ማስቀመጥ ውድ ነበር። ስለዚህ አርእስቱን የሚጽፈው ታፔላ የሚጽፈው ዓይነት እጅ ነው። የዚህኛውን ሥራ ተመልከቱ። «አበበ ቢቂላ» ስድስት ፊደል ነው፤ ከስድስቱ ሦስቱ ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፦ በ፣ በ፣ ቢ። አናታቸው ጠፍጣፋ፣ እግራቸው ሁለት። ተከታትለው ሲቆሙ ስሙ ላይ የእርምጃ ምት ይፈጥራሉ። ጸሐፊው ይህን አይቷል። የሁለቱን በ ስፋት እኩል አድርጎ፣ የቢን ቅጥያ ከተለመደው ትንሽ ዝቅ አድርጎ ወደ ቀኝ ስቧታል፤ ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ቂ በአንድ እግር የቆመ ክብ ራስ ስለሆነ፣ የተሳበችው ቅጥያ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ታጠብበዋለች። የቂ ቅጥያም በዚያው ከፍታ ላይ ናት። የመጨረሻዋ ላ ረጅም እግሯ ከመስመሩ ወርዶ አረንጓዴውን ይነካል። ስሙ መስመሩ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ያልቃል። እንዲህ ያለውን ነገር በአጋጣሚ የሚመጣ ነው የሚል ካለ፣ ብሩሽ ይዞ ስድስቱን ፊደላት አንድ ጊዜ ይሞክራቸው።

በዚህች ከተማ በእጅ መጻፍና ማተም ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነበሩ። በምኒልክ ዘመን ግሪካዊው አንድሬያስ ካቫዲያስ ያዘጋጀው «አእምሮ» ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ ጽሑፍ ነበር የሚባዛው። ራስ ተፈሪ ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ሥራ ሲጀምር የእጅ ጸሐፊው አልጠፋም፤ ወደ ሽፋንና ወደ አርእስት ተዛወረ።

አሜሪካኖች የድሮ የቤዝቦል ኮከቦቻቸውን ሽፋንና ካርድ እንዴት እንደሚያከብሩ ሳይ የምቀናው የእኛዎቹ እጆች ስማቸው ስላልቀረ ነው። ቤዝቦል ማጋዚን ቦስተን ውስጥ በ1908 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተ ጀምሮ የተጫዋች ፊት ያለበት የፊት ገጽ ራሱን የቻለ የጥበብ ዘርፍ ሆኗል። ከሁሉም የታወቀው ሽፋን ሳይሆን ከሲጋራ ጋር ይታደል የነበረ ትንሽ ካርድ ነው፤ የሆነስ ዋግነር ምስል፣ ከ1909 እስከ 1911 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የታተመ። ከጥቂት ቅጂዎቹ አንዱ በ2014 ዓ.ም. ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ዋጋው አይደለም የሚያስቀናኝ። ስለዚያ ካርድ የሚጽፉ ሰዎች ፎቶውን ያነሣው የቦስተኑ ካርል ሆርነር መሆኑን፣ ፎቶው ግን ቀለም እንዳልነበረው፣ ከጀርባ ያለውን ብርቱካንማ ቀለምና የፊቱን ቅላት ድንጋይ ላይ በነጥብ እየከፋፈሉ የፈጠሩት የሊቶግራፍ ባለሙያዎች መሆናቸውን ይናገራሉ። የእጁ ሥራ ታይቶ ተቆጥሮለታል። ጃኪ ሮቢንሰንም አለ፤ ለጥቁሮች ተዘግቶ የቆየውን ትልቁን ሊግ በ1947 እ.ኤ.አ. ያስከፈተው። በዚያው ዓመት መስከረም ታይም መጽሔት ሽፋኑ ላይ ሲያወጣው ፊቱን የሳለው ኧርነስት ሃምሊን ቤከር ነበር፤ ሠዓሊው የፊትን መስመር ሁሉ በማጉያ መነጽር እያጠና የሚሠራ ሰው ነው። ሮቢንሰን በቤዝቦል ኳሶች ተከብቦ ይስቃል። ጥቁረቱን ቤከር ለማለዘብ አልሞከረም። እዚያ የሠዓሊው ስም ከሥራው ጋር ቀርቷል። እዚህ፣ በእጄ ባለው ሽፋን ላይ፣ ሥራው ከቤከር በማያንስ ጥንቃቄ ተሠርቶ ስም የለውም።

ሁሉም ሽፋን እንዲህ አልነበረም፤ ይህንን ማለት ለጥሩው ተገቢውን ክብር መስጠት ነው። ሁለተኛ ወረቀት አለኝ፤ የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን የቡድን ፎቶ። ጥር 13 ቀን 1954፣ ከጥምቀት ሁለት ቀን በኋላ፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም በሚባለው ሜዳ የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተካሄደ። ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም የግብፅን ቡድን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። የመጨረሻዋን ጎል መንግሥቱ ወርቁ አገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ሰጡ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ የቀድሞ ተጫዋች።

ይህ ቡድን ለአታሚ ከአበበ የከበደ ፈተና ነው። የቫሳሎ ወንድማማቾች፣ ሉቺያኖና ኢታሎ፣ ከጣሊያን አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ቀያይ ሰዎች ናቸው። አጠገባቸው የቆሙት ጓደኞቻቸው ከጠይም እስከ ጥቁር ናቸው። በአንድ ፎቶ፣ በአንድ ፀሐይ፣ በአንድ ክሊሼ ሁሉንም መያዝ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ፊት ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው፤ በ65 መስመር ስሌት ዐይን የሚሠራው በጥቂት ነጥቦች ነው። ሁለተኛው ወረቀት ይህን ፈተና ወድቋል። ክሊሼው የተበላው ለቀያዮቹ ተብሎ ነው። የእነሱ አፍንጫና ከንፈር ጥርት ብሏል፤ የጥቁሮቹ ግን ማልያ ብቻ ቀርቶ ከአንገት በላይ ድፍን ሆኗል። ተንበርክኮ ካለው ረድፍ አንዱ ሲስቅ ጥርሱ ብቻ ይታያል። አገሪቱን የአፍሪካ ሻምፒዮን ያደረገ ሰው ነው፤ በራሱ አገር ሽፋን ላይ ፊት አላገኘም። ይህን ካየሁ በኋላ ነው የመጀመሪያውን ሽፋን በሌላ ዐይን ማየት የጀመርኩት። እነዚያ ያልተደፈኑ ነጥቦች የአጋጣሚ ውጤት አለመሆናቸውን የሚያሳየው ሁለተኛው ወረቀት ነው።

አራዳ ለእነዚህ ስፖርተኞች እንግዳ ሠፈር አይደለም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ የተመሠረተው እዚሁ በታኅሣሥ 1928 ነው፤ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የጀመሩት። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ስሙን ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር አሉት፤ ከነፃነት በኋላ ስሙን መለሰ። የውቤ በረሃና የዶሮ ማነቂያ ልጅ የቡድኑን ፎቶ ከመጽሔት ገንጥሎ ግድግዳው ላይ ሲለጥፍ የጎረቤቱን ልጅ ፎቶ እንደ መለጠፍ ነበር።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ቶኪዮ ላይ አበበ እንደገና አሸነፈ፤ ያኔ ጫማ አድርጎ፣ 17 ቁጥር ለብሶ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። ቶኪዮ የቀለም ጊዜ ነው። ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ ስለዚያ ኦሊምፒክ በሠራው ፊልም ውስጥ የአበበ ፊት በረጅም ሌንስ ከሩቅ ተይዞ ስክሪኑን ይሞላዋል፤ ዝግ ባለ እንቅስቃሴ ላቡ ከአገጩ ሲንጠባጠብ ይታያል። የጉንጩ ጥላ እዚያ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቡናማ ነው። ከኛ ሽፋን ጥቁርና ነጭ ጋር ጎን ለጎን ሳስቀምጠው አንድ ነገር ይገርመኛል፦ ጥላው የወደቀው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቅርጽ ነው። ክሊሼ ሠሪው ቀለም ሳይኖረው፣ ሌንሱ ሳይኖረው፣ በዚንክና በአሲድ ያንኑ አጥንት አግኝቶታል። በኋላ ኦፍሴት የሚባለው የማተሚያ ዘዴ መጥቶ አራት ቀለም ሲቻል ሽፋኖቹ ደመቁ፤ እንደ እኔ አስተያየት ግን ብዙዎቹ ፊት ላይ ያለውን ትዕግሥት አጡ። ቢጫና ቀይ ሲበዛ ሯጩ የሸክላ ቀለም ይይዛል፤ ሰማያዊው ሲበዛ ይጠወልጋል። የአንድ ቀለም ሠሪ የሚደበቅበት ድምቀት ስላልነበረው ያለችውን ጥቁር እስከ መጨረሻ መጠቀም ነበረበት።

ሽፋኖቹ ለምን ጥቂት ቀሩ? ስለተወደዱ ነው። የሚወደድ ሽፋን ከመጽሔቱ ይገነጠላል። የፀጉር አስተካካይና የሻይ ቤት ግድግዳ ላይ በሊጥ ይለጠፋል፤ ጭስና ፀሐይ ይበላዋል። ተማሪ ደብተሩን ይሸፍንበታል። የተቀረው መጽሔት ባለ ሱቅ ዘንድ ሄዶ በርበሬና ስኳር ይጠቀለልበታል። ቤተ መጻሕፍት የገባውም አልተረፈም ሊባል ይችላል፤ የዓመቱ ቅጾች በአንድ ላይ ሲጠረዙ ጠራዡ ብዙ ጊዜ የፊት ሽፋኖቹን ያነሣቸዋል፣ ጽሑፉ እንጂ ሽፋኑ ሰነድ አይመስለውምና። በ2016 የፒያሳ ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ደግሞ በየጓዳው የተቀመጠ ወረቀት ከዕቃ ጋር ተጭኖ ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። በዚያ ዝውውር ውስጥ ሣጥን ከፍታችሁ እንዲህ ያለ ሽፋን ያገኛችሁ ትኖራላችሁ፤ የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው።

በፕላስቲክ አታስለብጡት፤ ሙቀቱና ሙጫው ቀለሙን ያነሣዋል፣ አንዴ ከገባም አይወጣም። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉት፤ ከዓመታት በኋላ ቢጫ ጠባሳ ትቶ ይደርቃል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ከሆነ አትቅደዱት፤ ሊጥ በእርጥብ ጨርቅ በቀስታ ሲነካ ይለቃል፣ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው። በንጹሕ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ፣ ሳታጥፉ፣ ከብርሃን ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የተገኘበትን ቤትና የባለቤቱን ትዝታ በሌላ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አያይዙት። ከሁሉም በላይ ለማሳመር ብላችሁ ዙሪያውን በመቀስ አታስተካክሉት። ክሊሼ ሠሪና አርእስት ጸሐፊ አንዳንድ ጊዜ የስማቸውን መጀመሪያ ፊደል ያስቀምጣሉ፤ ካስቀመጡም የሚያስቀምጡት እዚያ፣ ከሥዕሉ ውጪ ባለችው ጠባብ ነጭ ጠርዝ ላይ ነው።